አውሮፕላኑን ከነሜዳው

ወረታ ላይ ፎቶ አንሺን የሚያኖረው ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና ጉርድ ፎቶ ነው። እኔም ፎቶ ቤቴን ያቆምኩት በዚሁ ገቢ ነው። ከሥራዬ ሁሉ አስበልጬ የምወደው ግን አውሮፕላን ማንሳት ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይገረማል፤ ወረታ የመኪና መንገድ መገናኛ እንጂ አውሮፕላን የሚያርፍባት ከተማ አይደለችምና። ሆኖም የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገጥሙባት ይህች ከተማ በሰማይም መንገድ ላይ ናት። ካርታ ዘርግታችሁ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ በማስመሪያ ብታሰምሩ መስመሩ በወረታ አናት ላይ ያልፋል።

የአየር መንገዳችን ኪው 400 አውሮፕላኖች ግን እዚህ ሲደርሱ ርቀው ከፍ ስለሚሉ በሌንስ ውስጥ ያንሳሉ። ለእኔ ትልቁ ደስታ ትንንሾቹ ናቸው። ለጉብኝት ወይም ለሥራ የተከራዩት ባለ አንድ ሞተር ሴስና ካራቫን ከላሊበላ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመውን የጉና ተራራ ካለፈ በኋላ ከፍታውን እየቀነሰ ወደ ጣና ይጠጋል። ጎማው አይታጠፍም፤ ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ተሳፋሪው ምድሩን ያለ ከልካይ ያያል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የተኙበትን የፎገራ ሜዳችንን ማሳ፣ የሩዙን አረንጓዴ፣ የሐይቁን ዳር በአንድ እይታ ያገኛል። የአገራችን የበረራ ታሪክም የተጀመረው በእንዲህ ያሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም አዲስ አበባ ያረፈው የመጀመሪያው አውሮፕላንም ትንሽ ነበር። በ1928 ዓ.ም በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት እዚሁ አገር ተሠርታ የበረረችው፣ ጣሊያኖች ወስደዋት በጥር 2016 ዓ.ም ወደ አገሯ የተመለሰችው «ፀሐይ»ም እንዲሁ።

ትንሽ አውሮፕላን አየሩን አክብሮ ነው የሚበረው። ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ቀኑ 28 ዲግሪ ሲሞቅ አየሩ ይሳሳል፤ ክንፉም ሞተሩም 2,700 ሜትር ላይ ያሉ ያህል ይሰማቸዋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፣ ሽቅብ ሲወጣም ይዘገያል። አብራሪዎች ጠዋትን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ፎቶ አንሺም ጠዋትን ይመርጣል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ ረጅም ሌንስ ያንን መንቀጥቀጥ አጉልቶ የአውሮፕላኑን ጠርዝ ያደበዝዘዋል። ሌንሱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ይህን አያድነውም፤ መድኃኒቱ በጊዜ መነሳት ነው።

ጀማሪዎች አብዝተው የሚጠይቁኝ ስለ ሻተር ፍጥነት ነው። የኪው 400 ፕሮፔለር ስድስት ምላስ አለው፤ ከፍታውን ይዞ ሲበር በደቂቃ 850 ጊዜ ይዞራል። በ1/1000 ሰከንድ ስታነሱት ምላሱ የሚዞረው 5 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በምስሉ ላይ ቆሞ ስለሚታይ አውሮፕላኑ ሞተሩ ጠፍቶ የተንጠለጠለ ይመስላል። በ1/125 ግን 40 ዲግሪ ይዞራል፤ ምላሶቹ እየሰፉ ይሄዳሉ፣ በረራውም በምስሉ ላይ ይታያል። ይህን ያህል ዘገምተኛ ፍጥነት ደግሞ እጅን ይፈትናል። ወገብን አላልቶ፣ እግርን ተክሎ፣ ከአውሮፕላኑ እኩል መዞርን ይጠይቃል። እኔ ይህን የተለማመድኩት ክረምቱ ሲወጣ ሜዳውን በሚሞሉት ወፎች ነው። የሽመላን በረራ መከተል የቻለ ካራቫን አያመልጠውም።

ወፎቹን ማንሳት ከልምምድም በላይ ጥቅም አለው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም ከባሕር ዳር የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ እርግቦች ገብተውበት በሆዱ ለማረፍ ተገደደ፤ 35 ሰዎችም ሞቱ። የወፍ መንጋ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት፣ ከየት ወዴት እንደሚበር ቀን ተጽፎበት የተቀመጠ ፎቶ ለበረራ ደኅንነት የሚጠቅም መረጃ ነው።

ፎቶ መረጃ የሚሆነው ቦታው ሲታወቅበት ነውና በሙያዬ አጥብቄ የያዝኩት አንድ አቋም አለ፦ አውሮፕላኑን ከሜዳው አትነጥሉት። ባዶ ሰማይ ላይ ሆዱ ብቻ የሚታይ አውሮፕላን የትም ሊነሳ ይችላል። ከሥሩ የተጥለቀለቀ ማሳ፣ የሩዝ ክምር ወይም የባሕር ዛፍ ረድፍ ሲገባ ግን ምስሉ የፎገራ ይሆናል፤ ዋጋውም ከዓመት ዓመት ይጨምራል። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም መካከል የጣሊያን ጦር በኢትዮጵያ ሰማይ እየበረረ ያስነሳቸው ፎቶዎች ዓላማቸው ወረራ ነበር። እነዚያ ፎቶዎች የተለጠፉባቸው ከ8,000 በላይ የሚሆኑ ሰሌዳዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ተቋም ተገኝተው ዛሬ ተመራማሪዎች የደኑን መመናመንና የመሬቱን መሸርሸር ያነጻጽሩባቸዋል። ያነሷቸው ሰዎች ያላሰቡትን ጥቅም የሰጡት ምድሩ በውስጣቸው ስላለ ነው።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ ግቢና አጥር ዙሪያ ያለ ፈቃድ ካሜራ አታውጡ፤ ድሮንም ያለ ፈቃድ አታስነሱ። ከገበሬው ማሳ ስትገቡ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ሰብሉን አትርገጡ። ከእያንዳንዱ ምስል ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ። የአውሮፕላን ማረፊያ ኃላፊዎችንና አነስተኛ አውሮፕላን ያላቸውን ድርጅቶች ደግሞ እለምናለሁ፦ በዓመት አንድ ጠዋት፣ በሕግና በአጃቢ፣ ለክልላችን ፎቶ አንሺዎችና ተማሪዎች በሩን ክፈቱ። የፎገራ ልጅ ካራቫንን በእጁ ዳስሶ፣ አብራሪውን ስለ አየሩ ጠይቆ ቢመለስ አብራሪነትን ወይም የአውሮፕላን ጥገናን ለራሱ የሚሆን ሙያ አድርጎ ማሰብ ይጀምራል። እኛም በምላሹ ያነሳነውን ሁሉ ከነቀኑና ከነቦታው እንሰጣችኋለን።