ከብዙው አንዱን የሚነጥል ቅጥያ

አማርኛ «ዛፍ» ይልና ሲበዛ «ኦች» ይቀጥልበታል። ይህን ስለለመድን ቃል ሁሉ ከአንድ ተነሥቶ ወደ ብዙ የሚሄድ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2021 ቆጠራ 538 ሺህ ያህል ተናጋሪ በዌልስ የተመዘገበለት ዌልስኛ ግን ነገሩን ገልብጦ ይዞታል። «ኮይድ» ማለት ዛፎች ነው፤ አንዲት ዛፍ ብቻ ስትፈለግ ባዕድ መድረሻ ይጨመርና «ኮይዴን» ይሆናል። ወፎች «አዳር»፣ አንድ ወፍ «አዴሪን»። ከዋክብት «ሴር»፣ አንድ ኮከብ «ሴሬን»። ልጆች እንኳ «ፕላንት» ናቸው፤ አንዱ ልጅ ቅጥያ ጨምሮ «ፕሌንቲን» ይባላል። «ኢን» ለተባዕታይ ጾታ ነው፣ «ኤን» ለአንስታይ።

ዌልስኛ የኬልቲክ ቋንቋ ነው። ከስላቭ ወገን የሆነው ሩሲያኛም ይህን ዘዴ ያውቀዋል። በጆንያ ያለው አተር «ጎሮኽ» ነው፤ አንዷ ፍሬ «ጎሮሺና»። ገለባው «ሶሎማ»፣ አንዱ ዘንግ «ሶሎሚና»። እኛ «አንድ ፍሬ አተር» ስንል «ፍሬ» የምትሠራውን ሥራ እዚያ «ኢና» ትሠራዋለች። በሁለቱም ቋንቋዎች ይህን ቅጥያ የሚወስዱት በአመዛኙ በክምር ወይም በመንጋ የሚገኙ ነገሮች ናቸው። ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ጅምላውን ነውና ስሙም ለጅምላው መሰጠቱ ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚማርከኝ ግን ቃሉና ቅጥያው የሚገናኙበት ቦታ ነው። «ጎሮኽ» ወደ «ጎሮሺና» ሲሄድ «ኽ» «ሽ» ሆኗል። ምክንያቱ የቅጥያው «ኢ» ነው፤ «ኢ» ሲነገር ምላስ ወደ ላንቃ ከፍ ስለሚል የሚቀድመውን ተነባቢ ወደዚያው ይስበዋል። በዌልስኛ ደግሞ የተሳበው አናባቢው ነው፤ የ«ፕላንት» «አ» በ«ፕሌንቲን» ወደ «ኤ» ተለውጧል። አማርኛም ከዚህ ሕግ አላመለጠም። ከ«ሰበረ» «ሰባሪ» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ወሰደ» «ወሳዲ» መውጣት ነበረበት፤ «ኢ» «ደ»ን ስቦ «ወሳጅ» አደረገው። ቋንቋዎቹ ከተለያየ ዘር ቢመጡም ምላስና ላንቃ የሁላችንም አንድ ናቸው።

በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ የሚነገረው የዌልስኛ ዘመድ ብሬቶንኛ አንድ እርምጃ ይጨምራል። ዛፎች «ግዌዝ»፣ አንዲት ዛፍ «ግዌዜን» ይላል። ከዚያ በነጠላው ላይ ሌላ ቅጥያ ደርቦ «ግዌዜኑ» ሲል አንድ በአንድ ተለይተው የሚታዩ ዛፎችን ማለቱ ነው።