«ምን ልማር?» ገና ላልለየለት ተማሪ ሳይንስ ምን ይላል

እ.ኤ.አ. በ1947 የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌ ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ አገር ለትምህርት ተላኩ። የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ተምረው እንዲመለሱ ነበር። ከጠላት ወረራ ገና ያገገመች አገር ከምንም በላይ መሐንዲስ ያስፈልጋታል ተብሎ በሚታመንበት ዘመን ይህ ትልቅ አደራ ነው። እንግሊዝ ሲገቡ ግን መምህራኖቻቸው የሥዕል ተሰጥኦአቸውን አዩ፤ አበረታቷቸውም። ምህንድስናው ቀረና ለንደን ውስጥ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያም ወደ ታዋቂው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተሻገሩ። አዲስ አበባ የሚገኘውን የአፍሪካ አዳራሽ የረገጠ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው ግዙፍ የመስታወት ሥዕል የእኚህ «መሐንዲስ ሊሆኑ የነበሩ» ሰው ሥራ ነው።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታም መሐንዲስ ሊሆኑ አስበው ነበር። ወሎንኮሚ አካባቢ ተወልደው፣ እሑድ እሑድ 20 ኪሎ ሜትር በእግር ተጉዘው ትምህርት ቤት እየገቡ፣ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው የተማሩት። ግብርና ቢማሩ የበለጠ እንደሚጠቅሙ አሳምነው ሐሳባቸውን ያስቀየሯቸው እናታቸው ናቸው። ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች በወጣትነታቸው «መድረሻህ የት ነው?» ተብለው ቢጠየቁ ኖሮ መልሳቸው ኋላ ከደረሱበት ጋር አይገናኝም ነበር። ይሁን እንጂ በየዓመቱ የትምህርት ክፍል ምርጫ ቅጽ ፊት የሚቀመጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። አንዳንዱ ጓደኛው የሞላውን ይሞላል፤ አንዳንዱ አጎቱ የመከሩትን፣ አንዳንዱ «ሥራ አለው» የተባለውን ያስቀድማል። ምን እንደሚፈልግ ያላወቀው ተማሪ ደግሞ ከሌሎች ያነሰ፣ አንድ ነገር የጎደለው ይመስለዋል። ላለፉት መቶ ዓመታት በሙያ ምርጫ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ግን ተማሪውን ሌላ ነገር ይነግሩታል።

ሰውን ከሥራ ማገናኘት

የሙያ ምክርን በሥርዓት ከጀመሩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ፍራንክ ፓርሰንስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 ቦስተን ውስጥ ወጣቶችን የሚያማክር ቢሮ አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ስላረፉ ስለ ሙያ ምርጫ የጻፉት መጽሐፍ የታተመው በተከታዩ ዓመት ነበር። ምክራቸው ሦስት እርምጃ አለው፦ ራስህን እወቅ፣ ሥራውን እወቅ፣ ሁለቱን አገናዝበህ ወስን።

ይህን ሐሳብ ወደ መለኪያ የቀየሩት የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ሆላንድ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ወታደሮችን እያነጋገሩ በየሙያቸው የመለየት ሥራ ይሠሩ ነበር። የብዙ ሰው የሥራ ታሪክ በጥቂት መልኮች ሊጠቃለል እንደሚችል ያስተዋሉት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ባሳተሟቸው ሥራዎች የሰዎችን የሙያ ዝንባሌ በስድስት ከፈሉት፦ በእጅና በመሣሪያ መሥራት፣ መመርመርና ምክንያት መፈለግ፣ አዲስ ነገር መፍጠር፣ ሰውን ማስተማርና መርዳት፣ ማሳመንና መምራት፣ መዝገብና ቁጥርን በሥርዓት መያዝ። አንድ ሰው በአንዱ ብቻ አይታጠርም፤ በመጠይቁ ጎልተው የሚወጡት ሦስቱ ተጣምረው መልኩን ያሳያሉ።

ዝንባሌ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና የ60 ዓመታት ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ ዝንባሌው ከመስኩ ጋር የሚገጥም ሰው በትምህርቱም ሆነ በሥራው የተሻለ ውጤት ያስመዘግባል፤ ሳያቋርጥ የመዝለቅ ዕድሉም ከፍ ያለ ነው።

ታዲያ ዝንባሌው ገና ያልለየለት ወጣት ምን ይሁን? ለዚህ ጥያቄ ትልቁ መልስ እ.ኤ.አ. በ2005 ተገኘ። ተመራማሪዎች ሰዎችን ከአሥራ ሁለት እስከ አርባ ዓመት ዕድሜያቸው የተከታተሉ ጥናቶችን ሰብስበው፣ የሙያ ዝንባሌ በየትኛው ዕድሜ እንደሚረጋ መረመሩ። በጉርምስና ዓመታት መረጋጋቱ ብዙም ለውጥ አያሳይም። ከ18 እስከ 22 ዓመት ባለው ጊዜ ግን በአንድ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት አሥርት ዓመታት ባለበት ይቆያል። የምርጫ ቅጹ የሚመጣው እንግዲህ ዝንባሌ ገና እየረጋ ባለበት ወቅት ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ «አላውቅም» የሚል ተማሪ በዕድሜው የሚጠበቀውን እየተናገረ ነው።

ዝንባሌ እንዴት ያድጋል?

ብዙ ወጣት «የተፈጠርኩለት ሙያ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ ያገኘሁት ቀን አውቀዋለሁ» ብሎ ያምናል። ሱዛን ሂዲ እና አን ሬኒንገር እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረቡት ሞዴል ከዚህ የተለየ ነው። በእነሱ አገላለጽ ዝንባሌ አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አንድ ነገር ትኩረትን ይስባል፤ ጥሩ መምህር፣ አንድ ሙከራ፣ አንድ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሁኔታው ከደገፈው ስሜቱ ይቆያል። በሦስተኛው ደረጃ ተማሪው ማንም ሳያዘው ራሱ ጥያቄ ማንሳትና መልስ መፈለግ ይጀምራል። በመጨረሻው ዝንባሌው ሥር ይሰድዳል፤ ችግር ሲገጥመው እንኳ አይለቅም። የመጀመሪያው ደረጃ እንደ ተለኮሰ እሳት ነው፤ ማገዶ ካላገኘ ይጠፋል።

ፖል ኦኪፍ፣ ካሮል ድዌክ እና ግሬጎሪ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ይህን በሙከራ አጠናክሯል። ተማሪዎች ጠፈር ውስጥ ስላለው ጥቁር ጉድጓድና ስለ ፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ ሐሳቦች የሚያወራ አጭርና ማራኪ ቪዲዮ እንዲያዩ ተደረገ። አብዛኞቹ ተደነቁ። ወዲያው በዚሁ ርዕስ ላይ ከበድ ያለ ሳይንሳዊ ጽሑፍ እንዲያነቡ ተሰጣቸው። «ዝንባሌ ተዘጋጅቶ የሚገኝ ነገር ነው» ብለው የሚያምኑት ተማሪዎች ፍላጎታቸው የበለጠ ወደቀ፤ «ዝንባሌ ይገነባል» የሚሉት ግን የተሻለ ጸኑ። ልዩነቱ የመጣው ስለ ዝንባሌ ካላቸው እምነት ነበር። የተፈጠረለትን ሙያ የሚጠብቅ ተማሪ የመጀመሪያው ከባድ ኮርስ ሲገጥመው «ይህ የእኔ አይደለም ማለት ነው» ብሎ ለመተው ይቸኩላል።

ምርጫን የሚያሳስቱ ነገሮች

የመስክ ምርጫ ከምናስበው በላይ በጥቃቅን ነገር ይወሰዳል። በአሜሪካ የጦር አካዳሚ በዌስት ፖይንት በተደረገ ጥናት፣ የአንድ ኮርስ ክፍለ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የደረሳቸው ተማሪዎች ከዚያ ኮርስ ጋር የተያያዘውን መስክ የመምረጥ ዕድላቸው በ10 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ሰዓቱን የመረጡት እነሱ አይደሉም፤ ተመድቦላቸው ነው። የእንቅልፍ ድካሙን ግን በትምህርቱ አሳበቡ። ፍሬሽማን ላይ አንድን ኮርስ የጠላ ተማሪ የጠላው ትምህርቱን ይሁን የመምህሩን አሰጣጥ፣ የክፍሉን መጣበብ ወይም የረፋድ ረሃቡን ለይቶ ማየት ይገባዋል።

ሁለተኛው ስለ ደመወዝ የሚወራው ወሬ ነው። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ጥናት ተማሪዎች በተለያዩ መስኮች የተመረቁ ሰዎች የሚያገኙትን ገቢ በብዙ ስተው እንደሚገምቱ አሳይቷል፤ እውነተኛው መረጃ ሲሰጣቸው ስለ ራሳቸው የወደፊት ገቢ የነበራቸውን ግምት አስተካክለዋል። በተጨማሪም ዴቪድ ዴሚንግ እና ካዲም ኖሬ እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳዩት፣ እንደ ኮምፒዩተር ሳይንስና ምህንድስና ያሉ መስኮች በጅምር የሚሰጡት የገቢ ብልጫ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ይሄዳል። ምክንያቱ መስኮቹ የሚጠይቁት ክህሎት ቶሎ ቶሎ መለዋወጡ ነው። በእነዚህ መስኮች ለመዝለቅ ከምረቃ በኋላም መማርን መቀጠል ግድ ይላል።

ሦስተኛው ስለ ነገው ራሳችን ያለን ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከ19,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ። ከ18 እስከ 68 ዓመት ያሉ ሰዎች ያለፉት አሥር ዓመታት በጣም እንደለወጧቸው ይናገራሉ፤ የሚመጡት አሥር ዓመታት ግን ብዙም እንደማይለውጧቸው ያምናሉ። በየዕድሜው የሚገኘው ሰው ሁሉ «አሁን የሆንኩት የመጨረሻው እኔ ነኝ» ይላል። ወላጅም ሆነ ልጅ «ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ውሳኔ» እያሉ ሲጨነቁ ይህ ስሕተት አብሮ አለ።

የሙከራ ዓመት ዋጋ

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ኦፈር ማላሙድ እንግሊዝን ከስኮትላንድ ጋር አነጻጽረዋል። በእንግሊዝ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት መስኩን ይለያል። በስኮትላንድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በተለያዩ ትምህርቶች ሊያሳልፍ ይችላል። ማላሙድ እንዳገኙት፣ ቀድመው የለዩት የእንግሊዝ ተመራቂዎች ከተማሩት መስክ ጋር የማይገናኝ ሥራ ውስጥ የመግባታቸው ዕድል ከስኮትላንዶቹ ይበልጣል። በአንድ መስክ ብዙ ዓመት ያፈሰሰ ሰው መስኩን ለመልቀቅ ይሳሳል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ዘግይተው የመረጡት ለራሳቸው የሚስማማውን ለማወቅ ጊዜ አግኝተዋል።

በኢትዮጵያም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት ሆኗል። ተማሪው ሥነ ልቦና፣ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና ሌሎችንም ይወስዳል። ብዙዎች ይህን ዓመት ውጤት ማካበቻ ብቻ አድርገው ያሳልፉታል። የጥናቶቹ ትምህርት ግን ዓመቱ ራስን መሞከሪያም እንደሆነ ነው። አንድ ኮርስ ካለቀ በኋላ ስለ ጉዳዩ ሳይታዘዝ ያነበበ ተማሪ የሂዲና የሬኒንገርን ሦስተኛ ደረጃ ረግጧል።

መስክ ሌላ፣ የሥራ ሕይወት ሌላ

አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ከጀመሩ ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ በሦስት ዓመት ውስጥ መስካቸውን እንደሚቀይሩ የአገሪቱ ብሔራዊ የትምህርት ስታትስቲክስ ማዕከል መረጃ ያሳያል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከምደባ በኋላ መቀየር እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ከዲግሪው በኋላ የሚመጣው መንገድ ይበልጥ ትኩረት ይሻል።

የስታንፎርዱ ጆን ክረምቦልትዝ ይህን መንገድ በስፋት ያጠኑ ሰው ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ተማሪ ሳሉ መስክ መምረጥ ቢያቅታቸው የቴኒስ አሠልጣኛቸውን አማከሩ፤ አሠልጣኙ የሥነ ልቦና መምህርም ነበሩና ሥነ ልቦናን መረጡ። ኋላ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ አጋጣሚ በሥራ ሕይወት ውስጥ ያለውን ትልቅ ድርሻ ገለጡ፤ አጋጣሚን መጠቀም የሚቻለው በጉጉት፣ በጽናት፣ ሐሳብን በመለወጥ ችሎታ፣ በተስፋና በድፍረት እንደሆነም ዘረዘሩ። ፕሮፌሰር ገቢሳ የዚህ ግልጽ ምሳሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ጆን አክስቴል የማሽላ ዝርያዎችን በኢትዮጵያ ሲሰበስቡ እንዲያግዟቸው ጋበዟቸው። በዚያ ትውውቅ ፐርዱ ገብተው ለከፍተኛ ዲግሪ ተማሩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ድርቅ የሚቋቋመው የማሽላ ድቅል ዝርያቸው ለሱዳን ገበሬዎች ደረሰ። አጋጣሚው ሲመጣ ግብርናን ተምረው ዝግጁ ነበሩ።

ቅጹ ከመሞላቱ በፊትና በኋላ

ዳንኤል ጊልበርትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሴት ተማሪዎች ከአንድ ወጣት ጋር ለጥቂት ደቂቃ የሚያደርጉት ትውውቅ ምን ያህል እንደሚያስደስታቸው አስቀድመው እንዲገምቱ ተጠየቁ። የወጣቱን ፎቶና መረጃ ካዩት ይልቅ ሌላ ተማሪ ከእሱ ጋር ቆይታ የሰጠችውን ነጥብ ብቻ ያዩት ይበልጥ በትክክል ገመቱ። መስክ ሲመረጥም ከክፍሉ ስም ይበልጥ የሚጠቅመው ውስጥ ያለ ሰው ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ መጽሐፍ ተውሶ ማገላበጥ፣ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ኮርሶችን ዝርዝር ማየት፣ ከተመረቀ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሆነውን ሠራተኛ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ?» ብሎ መጠየቅ ማንም ሊያደርገው የሚችል ምርመራ ነው።

ከተመረጠ በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ጊልበርትና ጄን ኤበርት በሃርቫርድ የፎቶግራፍ ትምህርት ለሚከታተሉ ተማሪዎች ካነሷቸው ፎቶዎች አንዱን አስመረጧቸው። ምርጫቸውን በኋላ መለወጥ የተፈቀደላቸው ተማሪዎች የያዙትን ፎቶ፣ መለወጥ ከማይችሉት ያነሰ ወደዱት። በየሳምንቱ «ልቀይር ወይስ አልቀይር?» የሚል ተማሪም የያዘውን መስክ በሙሉ ልቡ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ሦስተኛ ወይም አምስተኛ ምርጫው የደረሰው ተማሪ ለክፍሉ አንድ ሙሉ ሴሚስተር መስጠትና በዚያ ጊዜ ሦስት ነገር በማስታወሻ መያዝ ይችላል፦ ሳይታዘዝ ያነበበውን፣ ሰዓቱ ሳይታወቀው የሠራውን የቤት ሥራ፣ የትኛው ዓይነት ሥራ ቶሎ እንዳደከመው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ በክፍሉ ውስጥ በየትኛው ዘርፍ ላይ እንደሚያተኩር፣ ኢንተርንሺፕ የት እንደሚጠይቅ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ የትኛው አጎራባች መስክ እንደሚያቀና ከአማካሪ መምህሩና ከቤተሰቡ ጋር ሲነጋገር፣ በእጁ የሚያሳየው የራሱ ማስረጃ ይኖረዋል።