የሰካራሙን መንገድ በልክ መቁረጥ

አሜሪካኖች «የሰካራም መንገድ» የሚሉት የክዊልት ጥለት አለ። ቁራጮቹ ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሩብ ክብ፣ ሌላው ከአንድ ጥጉ ሩብ ክብ የተገመሰለት ካሬ። ሁለቱ ሲሰፉ አንድ ሙሉ ካሬ ይወጣቸዋል። ካሬዎቹን እያዟዟሩ ሲገጣጥሟቸው አልጋ ልብሱ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንገዳገድ መስመር ይታያል፤ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። መስመሩ አምሮበት እንዲንገዳገድ ግን ቆራጩ መንገዳገድ የለበትም።

ክዊልት ባለ ሦስት ድርብ ነው፦ ከላይ ከቁርጥራጭ የተቀጣጠለ ፊት፣ ከመሐል ስስ የጥጥ ንጣፍ፣ ከታች ገበር። ከእኛ ቃላት የሚቀርበው ድሪቶ ይመስለኛል። ችግሩ፣ ድሪቶ ስንል የሚታየን ማጣት ነው፤ ዛሬ ክዊልት ከሚሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ ደህናውን አዲስ ጨርቅ ገዝተው ሆን ብለው ይቆራርጡታል።

ሥራው የሚበላሸውም እዚሁ መቁረጡ ላይ ነው። በአሜሪካ ልማድ ለስፌት በየጠርዙ የሚተወው ትርፍ ሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊሜትር እምብዛም የማይበልጥ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ በ1 ሚሊሜትር ቢተርፍ፣ 8 ቁራጭ የተደረደረበት ረድፍ በ8 ሚሊሜትር ይረዝማል። በልኩ ከተቆረጠው ረድፍ ጋር ሲሰፋ ወይ ይጨማደዳል፣ ወይ ማዕዘኖቹ ይተላለፋሉ።

ቀድሞ ጨርቁ ላይ ተደርጎ ዙሪያው በእርሳስ የሚሰመርበት ቅርጽ ማውጫ ከካርቶን ይሠራ ነበር፤ ጨርቁን ቆንጥጦ እንዲይዝ ብለው ከብርጭቆ ወረቀት የሚቆርጡም ነበሩ። ካርቶን ግን እርሳስ በዞረበት ቁጥር ጠርዙ ይበላል፤ ሃምሳኛው ቁራጭ ከመጀመሪያው ጋር አይተካከልም። የእርሳሱ መስመርም ራሱ ውፍረት አለው። መቀሱ ደግሞ ጨርቁን ከጠረጴዛው ብድግ ያደርገዋል።

በ1979 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ኩባንያ ኦልፋ ተሽከርካሪ ምላጩን ይዞ መጣ። መልኩ የፒዛ መቁረጫ ነው፤ ስለቱ ግን የምላጭ። ጨርቁ ከሥሩ በተነጠፈ የመቁረጫ ምንጣፍ ላይ እንደተኛ፣ አራት ድርብም ቢሆን፣ ሳይሰመር ይቆረጣል። ምላጩ ግን ካርቶኑንም አብሮ ይልጠዋል! ምላጩ ተደግፎት የሚሄድ ጠጣር ጠርዝ አስፈለገ። አክሪሊክ ለዚህ ተስማሚ ሆነ፦ ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊሜትር ያህል የሚወፍር፣ በሌዘር የሚቆረጥ፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ ፕላስቲክ።

ጥቅሙ በሰካራሙ መንገድ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የስፌቱ መስመር ከክቡ መሐል 2.5 ኢንች ይርቃል እንበል። ሩብ ክቡ የሚቆረጠው 2.75 ላይ፣ የተገመሰው ካሬ ደግሞ 2.25 ላይ ነው፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ሩብ ኢንች ይዘዋልና። ስለዚህ የአንዱ ኩርባ ከሌላው በ2 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል። ጀማሪ ሁለቱን ሲያስተያይ ተሳስቻለሁ ብሎ ጨርቅ ይጥላል። አልተሳሳተም፤ እኩል የሚሆኑት መርፌው በሚያልፍበት መስመር ላይ ነው። ጥሩ ቅርጽ ማውጫ ይህን መስመር አክሪሊኩ ላይ ቀርጾ ያሳያል፤ አንዳንዱም እርሳስ አስገብቶ የስፌቱን መነሻና መድረሻ ለመንካት በየማዕዘኑ ትንንሽ ቀዳዳ አለው።

ጨርቁ አስቀድሞ ይተኮሳል። የማውጫው ቀጥ ያለ ጠርዝ ከድሩ ወይም ከማጉ ጋር ይስተካከላል፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ገና ሲነኩት ይለጠጣልና። ከዚያ የግራ እጅ ጣቶች ተዘርግተው ከጠርዙ ራቅ ብለው ይጫናሉ፣ ምላጩም ከሰውነት ወደ ውጭ ይገፋል። ለቀጥታ መስመር 45 ሚሊሜትሩ ምላጭ ይበቃል፤ ለጠባብ ኩርባ 28ቱ ይሻላል፣ ትልቁ ሲዞር ይስታልና። እጅ ከመጠምዘዝ ምንጣፉን ማዞር ይቀላል። አክሪሊክ ለስላሳ በመሆኑ መንሸራተት ይወዳል፤ ስለዚህ ከሥሩ ትንንሽ የብርጭቆ ወረቀት ነጥቦች ይለጠፉበታል። የድሮው ብልሃት በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ነው።

ማውጫው ማሳየቱ ሌላም ነገር ያስገኛል። አበባ የታተመበት ጨርቅ ላይ ወዲያ ወዲህ እያንሸራተቱ አበባውን ልክ ሩብ ክቡ መሐል ማስገባት ይቻላል። ጨርቅ ግን ያባክናል፤ ዙሪያው ወንፊት ሆኖ ይቀራል።

ያለዚህ ሁሉ ልኬት የሚሠሩም አሉ። በአላባማ የጂዝ ቤንድ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ካለቀ የሥራ ሱሪ ሳይቀር፣ ብዙውን ጊዜ በዓይናቸው ለክተው የሰፉት ክዊልት በ2002 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ታይቷል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይም ወጥቷል። መስመራቸው ይጣመማል፣ ውበቱም እሱ ነው። እነሱን አይቶ ማውጫውን ለመጣል የሚቸኩል ሰው ግን ዓይናቸውን ከየት ያመጣል?

ለቀረነው የሚበጀው፣ ጨርቁን ሁሉ ከመቁረጥ በፊት አንድ ጥንድ ብቻ ቆርጦ፣ ሰፍቶና ተኩሶ ካሬውን መለካት ነው። ቁራጮቹ ማውጫው ላይ ልክ ሆነው ካሬው ካነሰ፣ ጥፋቱ የስፌቱ ነው፤ ጨርቁ ሲታጠፍ ትንሽ ይበላልና መርፌውን ከሩብ ኢንቹ በክር ውፍረት ያህል ወደ ጠርዙ ማስጠጋት ይበቃል።