ቤተ ሰብ ይዞ ወደ ኮሎምበስ መዛወር ይበጃልን?

ባለፈው ጥር በጥምቀት ማግስት ማታ፥ በዋሽንግተን አጠገብ በአሌክሳንድርያ ከተማ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ስልክ ደወለችልኝ። ስለ ደኅንነታችን ከጠየቀች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «ወንድም ዓለም፥ አንተ መምህር ነህ፤ ካርታ ታነባለህ። እዚህ የቤት ኪራይ አንገታችን ላይ ቆሟል። ወደ መካከለኛው ምዕራብ ብትሄዱ ይሻላችኋል እያሉ ሰዎች ይመክሩናል። አባዬን አማክርና እስከ ፋሲካ መልሱን ንገረኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኅቴ፥ ባለቤቷና ሦስት ልጆቻቸው አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ባለው ቤት ይኖራሉ። ኪራዩ በወር 2,300 ዶላር ነው። ባለቤቷ በመኪና ሰው ያመላልሳል፤ እርሷ ወንዙን በባቡር ተሻግራ በዋሽንግተን ከተማ አረጋውያንን ሌሊት ታስታምማለች። የኪራዩ ውል በሰኔ ያበቃል። አንድ የባለቤቷ ወዳጅ ወደ ኮሎምበስ፥ ኦሃዮ ይጠራቸዋል፤ አንድ የአክስታችን ልጅ ደግሞ ወደ ሚኒያፖሊስ፥ ሚኒሶታ ይጠራቸዋል። ሁለቱም፥ «እኛ ዘንድ ቤት ርካሽ ነው» ይላሉ።

ውድ አንባቢ፥ ምናልባት «ደብረ ወርቅ ተቀምጦ ስለ ኦሃዮ መምከር ምን ይባላል?» ትል ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ነገሩን ሳስበው፥ የዝውውር ደብዳቤ ደርሶት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደማያውቀው ከተማ የሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛም የሚጠይቀው ጥያቄ ያው ሆኖ አገኘሁት። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ይባል የለምን? ስለዚህ ያገኘሁትን በሙሉ በአንድ ደብተር መጻፍ ጀመርኩ።

አገሩ የት ነው?

አሜሪካኖች መካከለኛው ምዕራብ ብለው የሚጠሩት 12 ክፍላተ ሀገርን ነው። እነርሱም ኦሃዮ፥ ኢንዲያና፥ ኢሊኖይ፥ ሚሺጋን፥ ዊስኮንሲን፥ ሚኒሶታ፥ አዮዋ፥ ሚዙሪ፥ ሰሜን ዳኮታ፥ ደቡብ ዳኮታ፥ ነብራስካና ካንሳስ ናቸው። አብዛኛው ለጥ ያለ ሜዳ ሲሆን በቆሎና ስንዴ በብዛት የሚታረስበት አገር ነው።

ሚኒያፖሊስ ስሟ ከሁለት ቋንቋ የተገጣጠመ ነው፤ የፊተኛው በዳኮታ ሕዝብ ቋንቋ ውሃ ማለት ሲሆን የኋለኛው በግሪክ ከተማ ማለት ነው። በሚሲሲፒ ወንዝ ፏፏቴ ኃይል ወፍጮ አቁማ፥ ከ1880 እስከ 1930 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባለው ዘመን በዱቄት ፈጪነት በዓለም የታወቀች ነበረች። ይህን ለአባቴ ባነበብኩላቸው ጊዜ፥ «እህል ፈጭቶ የከበረ አገር ክፉ አይሆንም» ብለው ሳቁ።

ኮሎምበስ ደግሞ በ1812 የተቆረቆረች የኦሃዮ ዋና ከተማ ናት። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ነዋሪዎቿ 905,748 ነበሩ። በዚያው ቆጠራ የዋሽንግተን ከተማ ነዋሪ 689,545 ስለ ነበረ፥ እኅቴ «ወደ ትንሽ ከተማ ልሄድ ነው» ብላ ማሰቧ እንዳሳሳታት ነገርኳት። እውነት ነው፥ የዋሽንግተን አካባቢ ከነዙሪያው ሲቆጠር እጅግ ይበልጣል። ከዋሽንግተን እስከ ኮሎምበስ ያለው የመኪና መንገድ ወደ 640 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር ከሚያደርሰው መንገድ ጥቂት ይበልጣል። ሚኒያፖሊስ ግን 1,700 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

የብርዱ ነገር

እናቴ በመጀመሪያ የጠየቁት ስለ ብርዱ ነው። በእኛ አገር የኅዳር ውርጭ ሲወርድ ጋቢ ደርቦ እሳት ዳር መቀመጥ ይበቃል። በሚኒያፖሊስ ግን የጥር ወር መካከለኛ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ያህል ነው፤ በኮሎምበስ ከዜሮ በታች 1 ወይም 2፥ በዋሽንግተን ከዜሮ በላይ 3 ያህል ነው። በዓመት የሚወርደው በረዶ በሚኒያፖሊስ 130 ሳንቲ ሜትር፥ በኮሎምበስ 70፥ በዋሽንግተን 35 ግድም ይሆናል። የሚኒያፖሊስ ሰዎች ከ1962 ጀምሮ በመሐል ከተማው ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚያሻግር በመስተዋት የተዘጋ ድልድይ ሠርተው፥ በክረምት ደጅ ሳይወጡ ይመላለሳሉ።

አባቴ ግን፥ «ብርዱስ በልብስ ይመለሳል፤ ጨለማውስ?» አሉ። እኔ ስለ ጨለማ አላሰብኩም ነበር። ባየው ጊዜ እውነታቸው ነው። በደብረ ወርቅ የበጋና የክረምት ቀን ርዝመት ብዙ አይለያይም፤ በሚኒያፖሊስ ግን በታኅሣሥ አጋማሽ ቀኑ 9 ሰዓት አይሞላም። ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ ሴት በዚያ ወራት ፀሐይ ሳታይ ትሰነብታለች ማለት ነው። ይህን ስነግራት እኅቴ ዝም አለች፤ ቀጥላም፥ «እንግዲያው ሚኒያፖሊስን ተወው» አለች። ለእርሷ እንዲህ ይሁን እንጂ፥ በሚኒያፖሊስና በጎረቤቷ በሴንት ፖል ኦሮምኛና አማርኛ የሚናገሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን፥ እንዲሁም እጅግ ብዙ ሶማሌዎች ብርዱን ለምደው፥ ሱቅ ከፍተው፥ ልጅ አሳድገው ይኖራሉ። ለአንዱ የከበደው ለሌላው ይቀላል።

ርካሽ ማለት ምን ማለት ነው?

ከዚህ በኋላ ወደ ሒሳቡ ገባን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የቤቱን ዋጋ ብቻ አይቶ ይሄዳልና።

በአሜሪካ የዝቅተኛው ደመወዝ ልክ ከአገር አገር ይለያያል። በ2025 አጋማሽ በዋሽንግተን ከተማ በሰዓት 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም፥ በሚኒያፖሊስ 15 ከ97፥ በኦሃዮ ግን 10 ከ70 ነበር። እኅቴ ከዝቅተኛው በላይ ታገኛለች፤ ቢሆንም በዋሽንግተን በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈላት ሥራ፥ በኮሎምበስ 18 እንደሚከፈልበት ጠይቃ ተረዳች። በወር 160 ሰዓት ስለምትሠራ 320 ዶላር ይጎድልባታል።

ቤቱን በተመለከተ፥ በኮሎምበስ ሦስት መኝታ ያለው ቤት በ1,500 ዶላር አገኙ። ከፊተኛው 800 ዶላር ይቀንሳል። እስዋም ደስ ብሏት፥ «አየህ!» አለችኝ። እኔ ግን፥ «ወደ ሥራ በምን ትሄጃለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። በዋሽንግተን ከ1976 ጀምሮ የሚሠራ የከተማ ባቡር አለ፤ በኮሎምበስ ግን አውቶቡስ እንጂ ሰው የሚጭን ባቡር ጨርሶ የለም። ባለቤቷ በመኪናው ሲሠራ እርሷ ሁለተኛ መኪና ያስፈልጋታል። የመኪናውን ክፍያ፥ መድኑንና ቤንዚኑን ስንደምር በወር 550 ዶላር ሆነ።

እንግዲህ አንባቢ ራሱ ይቁጠረው። ከኪራይ የተረፈው 800፤ ከደመወዝ የጎደለው 320፤ መኪናው የሚበላው 550። ርካሽ የተባለው ከተማ በወር 70 ዶላር ያስከፍላቸዋል!

ሳይጠየቁ የሄዱት

በዚህ ጊዜ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ለአባቴ፥ «አባዬ፥ ሒሳቡ አያዋጣም፤ ይቅርባቸው ይበሏት» አልኳቸው። እርሳቸው ግን ቶሎ አልመለሱም። በኋላ ስለ መተከል አነሡ።

በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከረሃቡ በኋላ፥ ደርግ በተለይ ከወሎ፥ እንዲሁም ከከምባታና ከሐድያ ብዙ ቤተ ሰብ አንሥቶ በዚያን ጊዜ የጎጃም ክፍል በነበረው በመተከል፥ ፓዌ በተባለው ቆላ አሰፈራቸው። ቦታው የጉሙዝ ሕዝብ የሚኖርበት ነበር። የደጋ ሰው የቆላውን ሙቀት አልቻለም፤ ወባው ብዙዎችን ጨረሰ፤ ቤተ ሰብም ተለያየ። ሰፋሪውም ባለአገሩም «ትወዳለህን?» ተብሎ በወጉ አልተጠየቀም ነበር። አባቴ በዚያ ዘመን ጎልማሳ ስለ ነበሩ ወሬውን ያስታውሱታል።

«እነዚያ የሚሄዱበትን አገር ውሃውን፥ በሽታውን፥ ጎረቤቱን ለመጠየቅ አልታደሉም» አሉኝ። «እኅትህ ግን ታድላለች። ስለዚህ ገንዘቡን ብቻ ጠይቃ አትተወው። አምስት ሰው በአንድ መኝታ ቤት እንዴት ያድራል? ትልቁ ልጅ የት ያጠናል? እርሷስ ሌሊት ስትሠራ ልጆቹ ማንን እያዩ ያድጋሉ? ሰባ ብሩን ከዚህ ጋር መዝናት።» አባቴ ዶላሩን ሁሉ ብር ነው የሚሉት።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ነገር ግን እኒህን ሦስት ጥያቄዎች በደብተሬ ላይ አልጻፍኳቸውም ነበር።

ከተማ ሳይሆን ሰፈር

እኅቴ የአባቴን ቃል ስትሰማ አለቀሰች፤ ለካስ በሁሉ የሚያስጨንቃት ኪራዩ ብቻ አልነበረም። ትልቁ ልጇ 15 ዓመቱ ነው፤ የሚያጠናው ታናናሾቹ ከተኙ በኋላ በማድ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ ነው።

ከዚህ በኋላ ባለቤቷ ብቻውን በየካቲት፥ ማለት ክረምቱ ገና ሳይለቅ፥ ወደ ኮሎምበስ ሄዶ ሦስት ሳምንት እንዲቀመጥ ተስማሙ። አገርን በበጋ ያየ ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያየው። ወዳጁ ቤት እያደረ፥ የሥራውን ብዛት፥ የመንገዱን በረዶ፥ የትምህርት ቤቱን ሁኔታ አየ። እሑድ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አስቀደሰ፤ እንጀራ የሚሸጥባቸውን ሱቆችም አገኘ። እናቴ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ጊዜ አስደግመው ጠየቁት።

ከሁሉ የሚበልጥ ግን አንድ ነገር አገኘ። ያ 1,500 ዶላር የተባለው ቤት ከከተማ ዳር ነበር። በአውቶቡስ መንገድ ላይ፥ ከአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በእግር ሊደረስ በሚችል ሰፈር፥ በ1,550 ዶላር ሌላ ቤት አየ። ቤቱ አሮጌ ነው፤ ግን ሦስት መኝታ አለው፤ መጦሪያውም የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል። ሁለተኛው መኪና ቀረ። ለአውቶቡስ 60 ዶላር ብንጨምር፥ ከተረፈው 750 ላይ 320ውና 60ው ሲነሣ 370 ዶላር በእጅ ይቀራል። ያው ከተማ፥ ሰፈሩ ሲለወጥ፥ ከኪሳራ ወደ ትርፍ ዞረ። ሰው «የትኛው ከተማ ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚኖረው ግን በአንድ ሰፈርና በአንድ መንገድ ላይ ነው።

የቀረውም ጉዳት አልተደበቀም። ከዋሽንግተን በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ የሚበረው አውሮፕላን በኮሎምበስ የለም። የዕድር ጓደኞቿ፥ ልጆቿን አማርኛ የሚያስተምሩላት ሰዎች በአሌክሳንድርያ ይቀራሉ። ስለ ልጁ ግን እኔ እንደ መምህርነቴ አንድ ምክር ሰጠሁ። 11ኛና 12ኛ ክፍል ደርሶ ትምህርት ቤት የለወጠ ተማሪ ብዙ ጊዜ ውጤቱ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ስለዚህ የሚሄዱ ከሆነ በዚህ ሰኔ፥ አለዚያም ልጁ ጨርሶ ከወጣ በኋላ ይሁን አልኩ። በኮሎምበስ በ1870 የተመሠረተ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የኦሃዮ ነዋሪ የሆነ ተማሪም ከሌላ ክፍለ ሀገር ከሚመጣው ያነሰ ይከፍላል።

በፋሲካ ዕለት አባቴ በስልክ ምርቃታቸውን ሰጡ። በሰኔ ይሄዳሉ። የሚሳካላቸው መሆኑን ማንም ሊናገር አይችልም፤ ነገር ግን ዓይናቸውን ገልጠው ነው የሚሄዱት።

የራሴ ነገር

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ሁሉ ለእኅቴ ስመክር፥ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ወደ ባሕር ዳር ለመዛወር የሞላሁት ማመልከቻ ተቀምጦ ነበር። ባሕር ዳርን የማውቃት በተማሪነቴ ነው፤ የጣና ዳር፥ ዘንባባው፥ የማታ መብራቱ ትዝ ይለኛል። በመምህር ደመወዝ ቤት ስንት እንደሚከራይ፥ ትምህርት ቤቱ ከየትኛው ሰፈር እንደሚቀርብ፥ በቅርቡ የማገባት ልጅ በዚያ ሥራ ታገኝ እንደሆነ፥ እዚህ ያረጁትን ወላጆቼን ውሃ ማን እንደሚቀዳላቸው ግን አንዱንም አልጠየቅሁም ነበር። ለእኅቴ የጻፍኩትን ደብተር ገልጬ፥ «ኮሎምበስ» የሚለውን ሰርዤ «ባሕር ዳር» ብዬ ብጽፍበት፥ ከጥያቄዎቹ አንዱም አልተለወጠም።

ማመልከቻውን አልቀደድኩትም። ትምህርት ቤት ሲዘጋና መንገዱ ሰላም ሲሆን ሄጄ ጥቂት ሳምንት ተቀምጬ፥ ተከራዮችን ጠይቄ፥ ሒሳቡን ቆጥሬ እስክመለስ ድረስ ግን ከመሳቢያው አይወጣም። ለአባቴ ይህን ስነግራቸው ፈገግ ብለው፥ «ለሰው ስትመክር የተማርከው ትምህርት ያለ ክፍያ ነው» አሉኝ።

አንተም አንባቢ፥ የዝውውር ወረቀት በመሳቢያህ ካለ፥ ከመላክህ በፊት አንድ ማታ ደብተር ይዘህ ተቀመጥ።