ከማዕድናት ሁሉ ለስላሳው፦ የትሪሙን ታልክ እንዴት ተፈጠረ፣ እንዴትስ ይቆፈራል?

በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከአንዶራና ከስፔን ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ በፒሬኔ ተራሮች ላይ በደረጃ የተቆረጠ ሰፊ ነጭ ገደል አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ቦታው ትሪሙን ይባላል፤ በዓለም ላይ በሥራ ላይ ካሉት ታላላቅ የታልክ ማውጫዎች አንዱ ነው። በየዓመቱ ወደ 400,000 ቶን የሚጠጋ ታልክ ይወጣበታል።

ታልክን ብዙዎቻችን የምናውቀው በሕፃናት ፓውደር ነው። ነገር ግን በወረቀት፣ በግድግዳ ቀለም፣ በመድኃኒት ክኒን፣ በመኪና የፕላስቲክ ክፍሎችም ውስጥ አለ። በየዕለቱ የምንነካው ነገር ስለሆነ አመጣጡን ማወቅ ይገባናል። ከሁሉ በላይ ግን ማወቅ የሚያስፈልገን፣ የታልክ ጠባይ፣ ጥቅሙም ሆነ አደጋው፣ በተፈጠረበት አለት ስለሚወሰን ነው።

ለስላሳነቱ ከየት መጣ?

ማዕድናት በጥንካሬያቸው የሚመደቡበት የሞህስ መለኪያ ከ1 እስከ 10 ይደርሳል። አልማዝ 10ኛው ላይ ነው፤ ታልክ ደግሞ 1ኛው ላይ። በጥፍር ይጫራል፤ በጣት ሲዳሰስ ያሟልጫል።

ምክንያቱ አሠራሩ ነው። ታልክ ከማግኒዚየም፣ ከሲሊከን፣ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን የተገነባ ሲሆን፣ እነዚህ ንጥረ ነገሮች በጣም ስስ የሆኑ ንጣፎችን ይሠራሉ። እያንዳንዱ ንጣፍ በራሱ ጠንካራ ነው። አንዱን ንጣፍ ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ኃይል ግን እጅግ ደካማ በመሆኑ፣ እንደ መጽሐፍ ገጾች አንዱ በሌላው ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል። የንጣፎቹ ገጽ ውኃን አይወድም፤ ዘይትንና ቅባትን ግን ይቀበላል። ይህን ካወቅን፣ በኋላ ስለ ጥቅሙ የምንናገረው ሁሉ ይገባናል።

ታልክ ከክሎራይትና ከመሰል ማዕድናት ጋር ተቀላቅሎ አለት ሲሆን የሳሙና ድንጋይ ይባላል። በቢላ የሚቀረጽ፣ ሙቀትንም የሚችል ድንጋይ ነው። በኖርዌይ የትሮንዳይም ጥንታዊ ካቴድራል በአብዛኛው የታነጸው በእሱ ነው፤ በሪዮ ዲ ጃኔይሮ ተራራ ላይ የቆመው የክርስቶስ ሐውልትም የለበሰው የሳሙና ድንጋይ ንጣፍ ነው።

ሁለት የመፈጠሪያ መንገዶች

ታልክ እንዲፈጠር ማግኒዚየም፣ ሲሊካና ትኩስ ውኃ መገናኘት አለባቸው። ይህም በዋነኛነት በሁለት መንገድ ይሆናል። የመጀመሪያው ከምድር ጥልቀት ከወጡ፣ ማግኒዚየም ከሞላባቸው ጥቁር አለቶች ነው። እነዚህ አለቶች ውኃ ሲያገኛቸው መጀመሪያ ወደ ሰርፐንቲን፣ ቀጥሎም ወደ ታልክ ይለወጣሉ። አብዛኛው የሳሙና ድንጋይ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ከዶሎማይት ነው። ዶሎማይት ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለበት የካርቦኔት ድንጋይ ሲሆን፣ ሲሊካ የተሸከመ ትኩስ ውኃ ሲያልፍበት ማግኒዚየሙ ከሲሊካው ጋር ተዋህዶ ታልክ ይሆናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ታልክ ብዙ ጊዜ ብረት ስለሚያንሰው ነጣ ያለ ነው። ትሪሙን የዚህ ወገን ነው።

በትሪሙን ምን ሆነ?

ትሪሙን በሚገኝበት በሳን ባርተለሚ ተራራ ወገብ ላይ ሁለት ዓይነት አለቶች ይገናኛሉ፤ ከላይ ዶሎማይት፣ ከሥር ደግሞ ሚካ የበዛበት ሺስት። በሁለቱ መካከል የምድር ቅርፊት የተሰነጠቀበትና የተንሸራተተበት ሰፊ መስመር አለ። በክሬቴሺየስ ዘመን፣ ዛሬ ስፔንና ፖርቱጋል ያሉበት ምድር ከተቀረው አውሮፓ አንጻር ሲንቀሳቀስ፣ እዚህ ያለው ቅርፊት ተለጥጦ ሳሳ፤ ከሥር የሚመጣው ሙቀትም በረታ። ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ ጨዋማ ውኃ በስንጥቆቹ ውስጥ ዘለቀ። ውኃው ዶሎማይቱን ወደ ታልክ፣ ሺስቱን ወደ ክሎራይት ለወጠው። ስለዚህ የትሪሙን ማዕድን ወደ ዶሎማይቱ ሲጠጉ ነጭ ታልክ፣ ወደ ሺስቱ ሲጠጉ ክሎራይት የበዛበት ግራጫ ድንጋይ ነው።

ይህ መቼ እንደሆነ የሚነግሩን ከታልኩ ጋር የተፈጠሩ ጥቃቅን ክሪስታሎች ናቸው። ዜኖታይምና ሞናዛይት የሚባሉ ማዕድናት በውስጣቸው ዩራኒየም ይይዛሉ፤ ዩራኒየም በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ይለወጣል። ተመራማሪዎች የሁለቱን መጠን አነጻጽረው፣ ታልኩ የተፈጠረው ከ112 እስከ 97 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደሆነ አስልተዋል። ትኩሱ ውኃ 15 ሚሊዮን ዓመት ያህል በተደጋጋሚ ሠርቷል ማለት ነው። የፒሬኔ ተራሮች የተነሡት ከዚያ በኋላ ነው፤ በጥልቀት የተፈጠረውን ታልክ ወደ ከፍታ ያወጣውም ይኸው የተራሮቹ መነሣት ነው።

ቁፋሮው

በትሪሙን ሰፊ ቁፋሮ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ችግሩ ድንጋዩን መስበር አልነበረም፤ ከተራራው ማውረድ እንጂ። ማውጫው ከሸለቆው ውስጥ ካለችው ከሉዝናክ መንደር በላይ ከ1,000 ሜትር የበለጠ ከፍ ብሎ ይገኛል። መፍትሔው የገመድ መንገድ ሆነ፤ በአየር ላይ በተዘረጋ ገመድ የተንጠለጠሉ ባልዲዎች ማዕድኑን እስከ ፋብሪካው ያወርዱታል። እ.ኤ.አ. በ1905 የሉዝናክ ታልክ ኩባንያ ተቋቋመ። በዘመናት ውስጥ ባለቤትነቱ ተቀያይሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሪዮ ቲንቶ ኩባንያ ወደ ፈረንሳዩ ኢመሪስ ኩባንያ ተላልፏል።

የሥራውን ዓመት የሚወስነው በረዶ ነው። ቁፋሮ የሚካሄደው ከፀደይ እስከ መኸር ብቻ ነው። በእነዚያ ወራት የወጣው ማዕድን ተከማችቶ፣ ክረምቱን ሙሉ ፋብሪካው እያደረቀ ይፈጨዋል። ታልኩን ለማግኘትም በላዩ የተጫነውን ብዙ ዶሎማይት አስቀድሞ ማንሣት ግድ ይላል። ታልክና ክሎራይት ተቀላቅለው ስለሚወጡ እንደ ንጣታቸው መለየት አለባቸው፤ ይህን በቀድሞው ዘመን በዓይናቸውና በእጃቸው ይሠሩ የነበሩ ለቃሚዎች ነበሩ። ዛሬ ከትሪሙን የሚወጣው ወጥ ነጭ ዱቄት የእነዚያ ሠራተኞች ሙያ ወራሽ ነው።

ለምን ይፈለጋል? ለምንስ ያሠጋል?

የታልክ ንጣፎች በፕላስቲክ ውስጥ ሲበተኑ ፕላስቲኩን ያጠነክሩታል፤ ሙቀት እንዳያጎብጠውም ይረዳሉ። በመኪና ዳሽቦርድና መከላከያ ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው። ቅባት ስለሚስብ በወረቀት ፋብሪካ ከእንጨቱ የሚወጣውን ሙጫ ይይዛል። ንጣፎቹ ስለሚንሸራተቱም በክኒን ማምረቻ ዱቄቱ ከማሽኑ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ሥጋቱም የሚጀምረው ከአለቱ ነው። በአንዳንድ ሥፍራ ታልክን የፈጠረው ሙቀትና ውኃ አብሮ አስቤስቶስ የሆኑ ቃጫ መሰል ማዕድናትን ይፈጥራል፤ እነዚህ ካንሰር እንደሚያመጡ ተረጋግጧል። አስቤስቶስ የሌለበትም ቢሆን፣ ብናኙን ለዓመታት መተንፈስ የማዕድን ሠራተኞችን ሳንባ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ታልክን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱ ነገሮች መድቦታል። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰንም እ.ኤ.አ. በ2023 በመላው ዓለም የሕፃናት ፓውደሩን ከታልክ ወደ በቆሎ ስታርች ቀይሯል። የሕፃናት ሐኪሞች ብናኙ ወደ ሕፃን ሳንባ እንዳይገባ የሚመክሩትም ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ በዕቃ ላይ «ታልክ» ተብሎ መጻፉ ብቻውን በቂ መልስ አይሆንም። ከየትኛው ማውጫ ወጣ? በምን አለት ውስጥ ተፈጠረ? ተመርምሯልን? አምራች ሁሉ እነዚህን ሊመልስ ይገባል፤ ገዢም የመጠየቅ መብት አለው። ሥነ ምድር ከላቦራቶሪ ወጥቶ በቤታችን የሚያገለግለን በዚህ ነው።