የመስከረም ጓሮ በየካ

መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ጓሮ ያለው ሰው ግን ጎመኑን የሚያስገባው ገና ያኔ ነው። በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ካለው የእንጦጦ ተዳፋት ጀምሮ እስከ ኮተቤ ድረስ፣ ከክረምቱ ማግስት ምን ይተከል የሚለውን ሁለት ነገር ይወስነዋል፦ ውሃው እስከ መቼ ይዘልቃል፣ ውርጩስ የት ይወድቃል።

ፈረንጅ በዚህ ወቅት ጓሮውን ሊዘጋ ይጣደፋል። እኛ ዘንድ ደመናው ተገፎ ፀሐይ ወጥታለች፣ መሬቱም ገና እርጥብ ነው። ጥቅምት እየገፋ ሲሄድ ግን ነገሩ ባልዲ ይሆናል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰፊ መደብ አውጥቶ በኅዳር ከማድረቅ፣ አጠጥተው የሚዘልቁትን ያህል ብቻ መትከል ይሻላል።

ቀኑን ወደ ኋላ መቁጠር ይበጃል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ቤቱ አትክልት አብዝቶ የሚፈልገው ያን ጊዜ ነው። በመስከረም መጀመሪያ በችግኝ መደብ የተዘራ የሐበሻ ጎመን ወር ሲሞላው፣ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ወደ ማታ ላይ ይዛመታል። ጾሙ ሲገባ የታች የታቹን ቅጠል መቀንጠስ ይጀመራል። እምብርቱ ካልተነካ ደግሞ ደጋግሞ ይሰጣል። ቆስጣና ሰላጣ ሁለት ወር ገደማ ይበቃቸዋል። ካሮት ሦስት ወር ይፈልጋል፤ ተነቅሎ መዛመት ስለማይወድ (ሥሩ መንታ ይሆናል) እዚያው በሚያድግበት መደብ ይዘራል። ዘሩ ደቃቅ ነውና ከደረቅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ በቀጭን መስመር ይፈስሳል፣ በስሱ አፈር ይለብሳል፣ በላዩ ሣር ይጎዘጎዛል። ማጠጫ የሌለው የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በስቶ ያጠጣዋል፤ ከባልዲ የተደፋ ውሃ ዘሩን ጠርጎ አንድ ጥግ ይከምረዋል። ሲበቅል ሁለት ሦስት ጣት ያህል እየተራራቀ ይሳሳል። ማሳሳት ያሳሳው ሰው ግን በታኅሣሥ የሚነቅለው ክር ነው። ነጭ ሽንኩርት ከሁሉ ይታገሣል፤ ትልልቁ ፍንካች ሹሉ ወደ ላይ ሆኖ ይቀበራል፣ ለመድረስ ግን አራት አምስት ወር ይፈጃል።

ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዝኩኒ ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነዚህን ውርጭ በአንድ ሌሊት ያጠቁራቸዋል። የመሃል ከተማው ከፍታ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን የእንጦጦ ጫፎች ከ3,000 ሜትር ያልፋሉ፤ ስለዚህ ሽቅብ በወጡ ቁጥር ብርዱ ይጠናል። ይሁንና ዝቅ ያለ ቦታ ሁሉ ከውርጭ ይድናል ማለት አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፣ የቀዘቀዘው አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ ቁልቁል ወርዶ ጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል። ወንዝ ዳር ያለ መደብ ከበላዩ ካለው ተረተር ቀድሞ ሊመታ የሚችለውም ለዚህ ነው። ቲማቲም ካማረዎ ፀሐይ ከዋለበት ግድግዳ ሥር ያስጠጉት። ጎመንና ካሮት ቀላል ውርጭ ይችላሉ፤ ካሮትማ ብርድ ሲነካው ይጣፍጣል።

ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ለጓሮ ክፉ ጎረቤት ነው። ሥሩ ውሃውን ይሻማል፣ ቅጠሉም ሲረግፍ ሌላ ተክል በቀላሉ አያበቅልም። ከሱ ራቅ ማለት ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። ሜዳው ላይ ያለ ዋልካ ደግሞ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ፍግና ብስባሽ በብዛት ይፈልጋል። ኅዳር 12 ከተማው ሲታጠን (ልማዱ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ የቆየ ነው) የደረቀ ግንድና ቅጠል ሁሉ እሳት ይገባል። ለኔ ይህ ብክነት ነው። በሽታ ያልነካው ቅጠልና ገለባ ጉድጓድ ቢገባ በሚቀጥለው ክረምት አፈር ይሆን ነበር።

ውሃ ቸገረ ተብሎ ከቀበና ወንዝ መቅዳት ግን አይገባም። ከእንጦጦ ሲነሣ ንጹሕ ቢሆንም በሰፈር መካከል ሲያልፍ የፍሳሽ መውረጃ ይሆናል፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ከቶ አይሆንም።

የጥቅል ጎመን ዘር በየዓመቱ መገዛቱ አይቀርም፤ ለማበብ ረጅም ብርድ ስለሚሻ እኛ ጓሮ እምብዛም አያፈራም። የሐበሻ ጎመን ግን ያገሩ ተክል ነው። ከጠንካሮቹ ሁለት ሦስቱን ሳይቀነጥሱ ቢተዉአቸው ያብባሉ፣ ያፈራሉ። ለከርሞ ከሚቀመጠው የተረፈው ጎመን ዘር ምጣድ ማሰሻ ይሆናል።