ሰባት ቤት የተቆጠረለት ልጅ ለምን ይደክማል?

በደብረ ኤልያስ፣ እንደ ሌላው የጎጃም አገር ሁሉ፣ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ስለዚህ ሐኪም የልጁን የእግር ድካም «በዘር የሚመጣ ነው» ሲላቸው ወላጆች ግራ ይገባቸዋል፤ «እኛ እኮ አንዛመድም!» ይላሉ።

አለመዛመዳቸው እውነት ነው። ሰባት ቤት መቁጠርም ጠቃሚ ልማድ ነው፤ ከአባትም ከእናትም ተመሳሳይ ጉድለት ሲገናኝ ብቻ የሚታዩ ብዙ የዘር በሽታዎችን ያርቃል። ፈረንሳዊው ሐኪም ጊዮም ዱሼን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የገለጸው፣ ዛሬም በስሙ የሚጠራው የጡንቻ መመንመን ግን መንገዱ ሌላ ነው። ጉድለቱ ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ ልጅ ያለው ኤክስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ሴት ሁለት ስላላት ጤነኛው አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍንላታል። እንዲህ እየሆነ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ሳይታይ ይወርዳል። ጉድለቱን የተሸከመች እናት የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ዘር ቆጣሪዎቻችን እዚህ ላይ የሚጠየቁት እንግዲህ ስለ እናት ወገን ነው፦ በልጅነቱ መራመድ ያቃተው ወንድም ወይም አጎት ነበራት? የእህቶቿስ ወንዶች ልጆች?

«እንግዲያ ጥፋቱ የእሷ ነው» የሚል ካለ ይህን ይስማ። ከሦስት ሕሙማን ልጆች በአንዱ ገደማ ጉድለቱ አዲስ ነው፤ በእናቲቱ ደም ውስጥ አይገኝም። ተሸካሚ ብትሆንም መርጣ አልወረሰችውም። በዚህ ሰበብ እናትን መውቀስ፣ ይባስ ብሎም መፍታት፣ ግፍ ነው።

ባቱ የወፈረ ልጅ ቶሎ ቶሎ ሲወድቅ «ጉልበት እያለው ሰንፎ ነው» ይባላል። ባቱን ያወፈረው የሞተውን ጡንቻ ቦታ የያዘው ስብና ጠባሳ ነው። ዲስትሮፊን የተባለው ፕሮቲን ስለጎደለው ጡንቻው፣ ማገር እንደሌለው ግድግዳ፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይሰነጠቃል። ልጁን ከመሬት ተነሥ በሉት፤ መዳፉን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎም ጭኑ ላይ እየተመረኮዘ የሚነሣ ከሆነ ሳትዘገዩ አስመርምሩት። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይታያል።

«ወለም ብሎት ነው» ተብሎ ወደ ወጌሻ መውሰድም የተለመደ ነው። የወለቀ አጥንት ግን የለም፤ ጠንከር ያለ እሽት ጡንቻውን ይጎዳል፣ አስሮ ማስተኛትም ድካሙን ያፋጥናል። የሚጠቅመው ቁርጭምጭሚቱን በየቀኑ ቀስ አድርጎ ማሳሳብ ነው። ፖሊዮም አይደለም፤ ፖሊዮ በድንገት ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም አንዱን እግር ለይቶ ይይዛል።

መነሻው ሲኬ የሚባለው የደም ምርመራ ነው፤ በዚህ በሽታ ውጤቱ ከልኩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የጉበት ምርመራ ተብለው የሚታወቁት ቁጥሮችም ከጡንቻው የተነሣ ከፍ ስለሚሉ ልጁ ያለ ጉበት በሽታው የጉበት በሽተኛ ሊባል ይችላል። ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ካስፈለገም ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሪፈር አጽፉ።

«መድኃኒት የለውም፣ ምን ያለፋል?» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ፈጽሞ የሚያድን ሕክምና የለም፤ ፕሬድኒሶሎን ግን ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ጊዜ ያራዝማል፣ እስትንፋሱንም ይደግፋል። ልቡም በየጊዜው ይታይ። ጠበል የምትወስዱት ከሆነ ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቋረጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል። መምህሩ ደግሞ ደረጃ የሌለበት ክፍል ይስጡት፤ ከትምህርቱ የሚያስቀረው ምክንያት የለም።